ክፍት ሆኖ የማይከፈት በር

የመግቢያና መውጫ ኤጀንሲ ለመላው የከተማችን ነዋሪ በታላቅ ክብር የሚያስታውቀው፣ ከሐምሌ አንድ ቀን 2091 ዓ.ም. ጀምሮ በሮች ሲዘጉ ያሰሙት የነበረው «ቀጭ» የሚል ድምፅ «ቋ» በሚል ድምፅ መተካቱን ነው። ለውጡ የአራት ዓመት ጥናት፣ የሰባት ንዑሳን ኮሚቴዎችና የአንድ የውጭ አገር ልምድ ልውውጥ ውጤት ነው። በጥናቱ ከተሳተፉት ነዋሪዎች ስልሳ ሁለት በመቶ የሚሆኑት «ቋ» ሲሰሙ የበለጠ መረጋጋት እንደተሰማቸው ገልጸዋል። በሽግግሩ ሳምንት ሁለቱንም ድምፅ በአንድ ጊዜ የሚያሰማ በር ያጋጠመው ነዋሪ እንዳይደናገጥ ኤጀንሲው በአክብሮት ያሳስባል።

ማስታወቂያውን ያነበቡት በሮቹ ራሳቸው ናቸው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከተማው ሁሉ ባንድ አፍ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ብሎክ ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጋሽ ማርኮን በራቸው አንብቦ እስኪጨርስ ጠብቀው «ቀጣፊ» አሉት። የሰባ አራት ዓመት ሰው ናቸው። ማርኮን፣ ኤልዳና፣ ሶልያና የሚባሉት ዛሬ የአዛውንት ስሞች ናቸው፤ ወጣቱ ወደ ደበበና ወደ ባይለየኝ ከተመለሰ ቆይቷል። ጋሽ ማርኮን ቁልፍ ሥራ ላይ መዋሉ እስከቀረበት እስከ 2062 ድረስ መርካቶ ቁልፍ ይቀርጹ ነበርና «ቀጭ» ከየት ይመጣ እንደነበር ከሚያውቁት ጥቂቶች አንዱ ናቸው።

የድሮ በር ምላስ ነበረው። የምላሱ አንድ ጎን ተዳፋት ነው። በሩ ሲገፋ ተዳፋቱ መቃኑን ገጭቶ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ቀዳዳው ፊት ሲደርስ ከኋላው ያለው ሞላ ወርውሮ ይከተዋል። ቀጭ። ከውጭ ለመክፈት ቁልፍ ያስፈልጋል። የቁልፉ ጥርሶች በውስጥ የተደረደሩትን ትንንሽ ፒኖች እያንዳንዳቸውን በየልካቸው ከፍ ያደርጓቸዋል፤ ሁሉም አንድ መስመር ላይ ሲቆሙ ቁልፉ የገባበት ሲሊንደር ይዞራል። አንዷ ፒን በፀጉር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ካለች አይዞርም። የቀበሌ ሊቀመንበር ቢሆንም አይዞርም፣ ሚኒስትር ቢሆንም አይዞርም።

የዘመኑን ምላስ ግን ሞተር ይስበዋል፣ ሞተር ይመልሰዋል፤ ሞተሩን የሚያዘው ኤጀንሲው ነው። ምላሱ ሲገባም ሲወጣም ድምፅ የለውም። «ቀጭ»ም ሆነ «ቋ» የሚመጣው ከእጀታው ሥር ካለች የአተር ፍሬ ከምታክል ድምፅ ማጉያ ነው። ሰው እሷን ሰምቶ ተዘጋ ብሎ ይተኛል።

ከውስጥ ብቻ የሚዘጋ ነገር ሁሉ ከ2063 ጀምሮ ክልክል ነው፤ መቀርቀሪያም፣ ሰንሰለትም፣ ከበር ኋላ የሚገፋ ቁም ሣጥንም። ምክንያቱ መጀመሪያ እሳት ነው ተባለ፤ ቀጥሎ ወረርሽኝ ነው ተባለ፤ ከዚያ ምክንያት መስጠት ቀረ። ቅጣቱ ቀላልና ትምህርት ሰጪ ነው። የጥፋተኛው መዝጊያ ከነማጠፊያው ተነቅሎ ለአርባ ቀን ይወሰዳል፤ ቤተሰቡ አርባ ቀን ያለ በር ይኖራል።

የጋሽ ማርኮን ችግር ግን የሚገባ ሰው አልነበረም።

ባለቤታቸው ኤልዳና ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ በየቀኑ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቦርሳዋን አንስታ ልጇን ከመዋዕለ ሕፃናት ልትቀበል ትነሳለች። ልጇ ጌዴዎን አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ድሬዳዋ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። መዋዕለ ሕፃናቱ ከፈረሰ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ፈጣን መንገዱ ሰፍቶ ስምንት መስመር ሲሆን ግቢው ከነዥዋዥዌው አስፋልት ሥር ገባ። በሩ ይህን አያውቅም። በሩ የሚያውቀው የኮንዶሚኒየሙ ዕጣ የወጣው በኤልዳና ስም መሆኑን ነው። ፊቷን ሲያይ «ወይዘሮ ኤልዳና፣ መልካም መንገድ» ብሎ ይከፈትላታል። ጋሽ ማርኮን በኤጀንሲው መዝገብ የተጻፉት «አብሮ አደር» ተብለው ነው፤ አብሮ አደር ደግሞ የቤቱን ባለቤት አትውጪ የማለት ሥልጣን የለውም።

ስምንት ወር ያህል አብረዋት ሄዱ። እስከ መንገዱ ዳር ያደርሷታል፣ «ዛሬ እሑድ ነው እኮ» ይሏታል፣ ትስቃለች፣ ይመለሳሉ። በሰኔ መጨረሻ አንድ ቀን ግን ወንበር ላይ ሸለብ አደረጋቸው። ሲነቁ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ያገኟት በፈጣን መንገዱ አራተኛና አምስተኛ መስመሮች መካከል ቆማ ነበር፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ መኪኖቹ ግራና ቀኝ ቀሚሷን እያርገበገቡ ሲያልፉ። ስታያቸው ተቆጣች። አስተማሪዋ ዛሬም ልጆቹን አዘገየች አለቻቸው።

ሕጋዊ መንገድ አለ። የቤት ባለቤትን ከበር መዝገብ የሚያስወጣ ቅጽ ሦስት ምክንያት ይቀበላል፦ ሞት፣ ፍቺ፣ የአእምሮ መታወክ። ሦስተኛው ላይ ምልክት በተደረገ በሦስተኛው ቀን ነጭ መኪና መጥቶ የቤቱን ባለቤት ወደ እንክብካቤ ማዕከል ይወስዳል። ጥየቃ በወር አንድ ጊዜ፣ በመስታወት ነው። ጋሽ ማርኮን በዚያ መስታወት በኩል ሚስቱን የሚጠይቅ አንድ የጎረቤት ብሎክ ሰው ያውቃሉ። ሴትዮዋ ስትወሰድ ባሏን በስሙ ጠርታ ተሰናብታዋለች። በሁለተኛው ወር «ይሄ ሽማግሌ ማነው?» አለች።

ሌላም የሚያውቁት ነገር ነበር። ቁልፍ የቀረ ጊዜ ኤጀንሲው ለሁለት ዓመት ቀጥሯቸው የድሮውን ቁልፍ ከየበሩ ሲነቅሉ ስለነበር የቅጾቹን ጠባይ ያውቃሉ። ለጥፋቱ ምክንያት የሰጠ ሰው ጉዳዩ ይጣራል፤ ሁለት መርማሪ ቤቱ መጥቶ የቤቱን ባለቤት ቁጭ አድርጎ ያናግራል። ምክንያት ያልሰጠ ሰው አይጣራም፣ ይቀጣል ብቻ። ባዶ መስመርን የማጣራት አሠራር እስካሁን አልተዘረጋም።

ሐምሌ አራት ቀን መቀርቀሪያውን ሠሩ።

የሚሸጥበት ቦታ ስለሌለ ከአሮጌ አልጋ አንድ የጎን ብረት ቆረጡ። ብረቱን የሚሸከሙ ሁለት ወፍራም ሜንጦዎች እንደ መንጠቆ አጥፈው ከመቃኑ ግራና ቀኝ ተከሉ፤ የማሽን ድምፅ ለጎረቤት ስለሚሰማ በእጅ መሰርሰሪያ፣ ከማለዳ ጀምሮ፣ እያረፉ። ከፍታውን ከኤልዳና እይታ በላይ አደረጉት፤ ከበሽታዋ ወዲህ ከዓይኗ ሽፋሽፍት በላይ ያለውን ነገር አታስተውልም። ብረቱ ሜንጦዎቹ ላይ ሲጋደም መዝጊያው ወደ ውስጥ ሊሳብ አይችልም። በቃ፣ ይኸው ነው። ስም አይጠይቅም፣ ፊት አያይም፣ ከምንም ነገር ጋር አልተያያዘም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ኤልዳና ቦርሳዋን አንስታ በሩ ፊት ቆመች። «ወይዘሮ ኤልዳና፣ መልካም መንገድ» አለ በሩ፤ ምላሱ ወደ ውስጥ ገባ። ሳበችው። እንቢ አለ። በሩ ጨዋ ነውና መልካም መንገድ ደገመላት። እንደገና ሳበች። በኤጀንሲው ሰሌዳ ላይ በዚያች ደቂቃ የአራተኛ ፎቁ በር «ክፍት» ተብሎ ተመዝግቧል። አሥራ ሰባት ጊዜ መልካም መንገድ ተመኘላት፣ አሥራ ሰባት ጊዜ ሳበች። ተበላሽቷል አለች። እስኪሠራ ቁጭ በይ አሏት። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ለምን እንደተቀመጠች ረሳችው። ጋሽ ማርኮን ወጥ ቤት ገብተው ድምፃቸው እንዳይሰማ ቧንቧ ከፈቱ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ሶልያና መጡ።

እትዬ ሶልያና ሦስተኛ ፎቅ ይኖራሉ፤ የብሎኩን ዕድር አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሊቀመንበርነት መርተዋል፤ የተዋሱትን ወንፊት ሊመልሱ ነው የመጡት። በብሎኩ ልማድ ቀን በር አይዘጋም፣ ገርበብ ይላል። ቀን የተዘጋ በር ከሦስት አንዱን ይነግራል፦ ጠብ፣ ሕመም ወይም ሬሳ። እትዬ ሶልያና «ቤቶች!» አሉ። መልስ የለም። በሩ በትሕትና ክፍት መሆኑን ነገራቸው፤ ምክንያቱም ሰዓቱ ዘጠኝ ከአምስት ነበር፣ ኤልዳናም ከወዲያ በኩል ቆማ ነበር። ገፉት። አልተከፈተም።

ጋሽ ማርኮን ከውስጥ ትንፋሻቸውን ያዙ። ከመለሱ እትዬ ሶልያና ክፈቱ ይላሉ፤ ከከፈቱ ኤልዳና ደረጃ ላይ ናት፣ ሜንጦዎቹም ፊት ለፊት ይታያሉ። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ኤልዳናን አዩዋት። የድብብቆሽ ጨዋታ መስሏት እሷም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

እትዬ ሶልያና በትከሻቸው ገፉ። መዝጊያው የጣት ውፍረት ያህል ሸሽቶ ቆመ፤ ከኋላው ከባድ ነገር እንዳለ። ክፍት ሆኖ የማይከፈት በር በሕይወታቸው አይተው አያውቁም፤ ነገር ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ቀብረዋል። በሩን የያዘው ከሥሩ የወደቀ ሰው ነው ብለው ደመደሙ። ኤጀንሲው ከመጣ ሬሳውን ይዞ ስለሚሄድ፣ መጀመሪያ የጠሩት ዕድሩን ነው።

በሃያ ደቂቃ ውስጥ አግዳሚዎቹ ወጡ። ድንኳኑ ለኮሪደሩ ስለሚሰፋ ግማሹ ደረጃው ላይ ተንጠለጠለ። ማን እንደሞተ ስላልታወቀ ለሁለቱም ተራ በተራ ተለቀሰ፤ በአንድ በኩል «ማርኮኔ፣ እጀ ወርቁ»፣ በሌላ በኩል «ኤልዱዬ፣ ሳቂታዋ»። ጋሽ ማርኮን ቆመው የራሳቸውን ሙሾ ሰሙ። ከወንዶቹ አንዱ በሩን እንስበረው ሲል፣ ሌላው የኤጀንሲ ንብረት ነው ብሎ ሲከለክለው ተሰማቸው። ሁለቱ ተስማምተው እስኪጨርሱ ያለው ጊዜ ብቻ ቀርቷቸዋል።

ኤልዳና ቦርሳዋን አስቀመጠች። ነጠላዋን ከወንበሩ አንስታ አዘቀዘቀችው፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ፣ አንዲት ዝንፈት ሳይኖረው።

«ጎረቤት ሲያለቅስ እኛ በር ዘግተን ቁጭ?» አለች። «ነውር አይደለም እንዴ፣ ማርኬ?»

ጋሽ ማርኮን አዩዋት። በስምንት ወር ውስጥ ከተናገረችው ሁሉ እንከን ያላገኙበት ይህ ብቻ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ብረቱን አነሱ።

በሩ ሲከፈት ሙሾው ተቋረጠ። ሁለቱም ሟቾች በቁማቸው ወጡ። ኤልዳና ማንንም ሳታይ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፤ ከልቧ፣ እንደ ወጉ፣ ብቻዋን። ትንሽ ቆይታ አጠገቧ ወዳሉት እትዬ ሶልያና ዘንበል አለችና የሞተችው ማን እንደሆነች ጠየቀቻቸው።

እትዬ ሶልያና መጀመሪያ ሜንጦዎቹን አዩ። ከዚያ በጋሽ ማርኮን እጅ ያለውን ብረት። ከዚያ ሶፋው ላይ የተቀመጠውን ቦርሳ። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱ ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ደረጃ ሲወርዱ ስምንት ወር አይተው «የሽምግልና ፍቅር» እያሉ አሹፈውባቸዋል። አሁን ገባቸው።

«የሩቅ ዘመድ ናት፣ እታለም» አሏት። «አልቅሺላት።»

የኤጀንሲው ተቆጣጣሪ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ደረሰ። ሞት ሲመዘገብ በሩ ለሦስት ቀን በራሱ ይከፈታል፤ ለቅሶ ተሰምቶ ሞት ካልተመዘገበ ደግሞ ቅርብ ያለ ተቆጣጣሪ ይላካል። ባይለየኝ ይባላል፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ከኋላው ሁለት ሠራተኞች መሣሪያ ይዘው ወጡ። ኮፍያውን አውልቆ «ነፍስ ይማር» አለ፤ ቀጥሎም የማንን ነፍስ እንደሆነ ጠየቀ።

እትዬ ሶልያና የሩቅ ዘመድ አሉት።

«ስሟስ?»

«የሩቅ ዘመድ አልኩህ እኮ፣ ልጄ። ስሟም ሩቅ ነው።»

አግዳሚው ላይ አንድ ሰው ሳል የመሰለ ነገር አሳለ። ባይለየኝ አልሳቀም። በእትዬ ሶልያና ትከሻ ላይ አሻግሮ ሜንጦዎቹን እያየ ነበር። ሄዶ በጣቱ ነካቸው። በትምህርት ቤት በሥዕል ብቻ ያያቸው ነገሮች ናቸው። ብረቱን ከጋሽ ማርኮን እጅ በአክብሮት ተቀብሎ ሜንጦዎቹ ላይ አጋደመው፣ አነሳው፣ ደግሞ አጋደመው፤ አሠራሩ ያስደሰተው ይመስል ነበር። ከዚያ ቅጹን አወጣ።

የሚለውን ሁሉ ጋሽ ማርኮን በቃላቸው ያውቁታል። ምክንያት ከሰጡ መዝጊያው ማጣራቱ እስኪያልቅ እንዳለ ይቆያል፤ ካልሰጡ አሁኑኑ ይነቀላል። ባይለየኝ ለመጻፍ እንዲመቸው ግድግዳውን ተደገፈ።

«ይህን ለምን ሠሩ፣ ጋሼ?»

ኤልዳና ከነጠላዋ ውስጥ ቀና አለች። ዩኒፎርሙን አየች፣ ቅጹን አየች፤ ፊቷ በራ።

«መምህር» አለችው። «ልጆቹ ወጡ?»

ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ወለሉን አየ። ባይለየኝ ብዕሩን እንደያዘ ወደ እሷ ዞረ። ጋሽ ማርኮን መቃኑን ያዙ። ባይለየኝ ምን አሉኝ ብሎ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት እትዬ ሶልያና በመካከል ገቡ፤ ሐዘን የገባበትን ሰው ቃል ቁም ነገር ብሎ የሚጽፍ ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው ብለው ወረፉት፤ ወዲያው ደግሞ ሙሾውን ራሳቸው አነሱት። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ኤልዳና ጥያቄዋን ረስታ ከእነሱ ጋር አለቀሰች። ሃምሳ ሰው በጉሮሮው ሙሉ ለማትታወቅ ሴት እየጮኸ፣ ባይለየኝ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ደገመ። ጋሽ ማርኮን አልመለሱም። መስመሩ ባዶ ሆኖ ቀረ።

ሠራተኞቹ ማጠፊያዎቹን ለመፍታት ስድስት ደቂቃ ፈጀባቸው። መዝጊያው ባትሪው ገና አላለቀም ነበርና ተሸክመውት በአግዳሚው ፊት ሲያልፉ የኤልዳናን ፊት አየ። «ወይዘሮ ኤልዳና፣ መልካም መንገድ» እያለ ደረጃውን ወረደ።

በማግሥቱ ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ጋሽ ማርኮን በሌለው በር መቃን ውስጥ ደፉ ላይ ተቀመጡ። ጀርባቸውን በአንዱ መቃን አስደገፉ፣ እግራቸውን ዘርግተው ጫማቸውን በሌላው ተከሉ። ልክ ይገጥማሉ። ቁመታቸው ለዚህ ሥራ የተሰጣቸው ይመስል ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ቀርቷቸዋል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ኤልዳና ቦርሳዋን ይዛ መጣች። እንዲያሳልፏት በጨዋ ደንብ ለመነቻቸው። ወገቤ ተይዟልና ትንሽ ጠብቂኝ አሏት። ጠበቀች። ሁለተኛ ጊዜ ለመነቻቸው። በሦስተኛው በጉልበታቸው ላይ ልትሻገር ሞከረች፤ ከየት ያመጣችው ጉልበት እንደሆነ አልታወቀም፣ ቀሚሷን ሲይዙባት በጥፍሯ ጉንጫቸውን ቧጨረችው። ልጄ ብቻውን ቆሟል ብላ ጮኸችባቸው፤ ሌባ አለቻቸው፤ ማነህ አንተ አለቻቸው። ጋሽ ማርኮን ቀሚሱን አልለቀቁም። ቀስ በቀስ እጇ ላላ። ከኋላቸው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ በትከሻቸው ላይ ደረጃውን ትጠብቅ ጀመር።

ከደረጃው የወጣው ባይለየኝ ነው። ብቻውን ነበር፣ ኮፍያም አላደረገም። ቅጹ የሚዘጋው በአሥራ አንድ ሰዓት እንደሆነ ነገራቸው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለባዶው መስመር አንድ ቃል ብቻ ከሰጡት መዝጊያው ነገ ጠዋት እንደሚመለስ፣ ቃሉ ምንም ሊሆን እንደሚችል፣ ንፋስ እንኳ ቢሉት እንደሚጽፍ አስረዳቸው። ከልቡ ነበር የሚናገረው፤ ገና አዲስ ሠራተኛ ነው፣ ንፋስም እንደሚጣራ አያውቅም። ጉንጫቸው ላይ ያለውን ደም አየ። ከትከሻቸው በላይ ኤልዳናን አየ። እሷም አየችው፤ ከንፈሯን ልትከፍት ስትል ጋሽ ማርኮን ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደው እጇን ያዙት።

«ጋሼ፣ ልጽፈው አይደለም» አለ ባይለየኝ። ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ለራሴ ነው። እዚህ ደፍ ላይ የተቀመጡት ለምንድን ነው?»

«አልነግርህም» አሉት።